የማሽላ ጎታ የእሳት ራቶች

ልጅ ሆኜ ከቢራቢሮም ከወፍም በላይ የምወዳቸው፣ ቆቦ አያቴ ቤት የማሽላው ጎታ በተከፈተ ቁጥር ቡን ብለው የሚወጡትን ደቃቅ የእሳት ራቶች ነበር። ቀለማቸው የገለባ ነው፤ ክንፋቸው ተዘርግቶ ቢለካ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። የኋላ ክንፋቸው ጫፉ ሾል ያለ፣ ጠርዙ ረጃጅም ጸጉር ያለው ነው።

አያቴ ፍቅሬን አይጋሩም። «አንተ ትስቃለህ፤ እሷ ክረምቱን ልትበላብን ነው!» ይሉና ማሽላውን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። እኔ ደግሞ ከስጡ አጠገብ ቁጭ ብዬ መስኮት ያላቸውን ፍሬዎች እለቅማለሁ። ክብ ናት መስኮቷ፣ ስስ ክዳን አላት፤ በጥፍሬ ገፋ ሳደርጋት አንዳንዴ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ አንዳንዴ ባለቤቱ ተኝቶ ይገኛል።

የመስኮቷን ነገር የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ፣ ስለ ነፍሳት ሳነብ ነው። እናቲቱ እህሉ ላይ የምትጥለው እንቁላል መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ቆይቶ ይቀላል። የተፈለፈለው ትል ፍሬውን በስቶ ይገባና እዚያው በልቶ ያድጋል። ክንፍ ያወጣችው የእሳት ራት ግን ቆርጣ የምትወጣበት መንጋጋ የላትም። ስለዚህ ትሉ ገና ጥርስ ሳለው በሩን ቆርጦ፣ ስስ ልጣጭ ብቻ አስቀርቶ ይተኛል፤ እሷ ገፍታ ትወጣለች። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ይህ ሁሉ በ5 ሳምንት ገደማ ያልቃል። ሳይንሳዊ ስሟ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ ነው። ዱሃሜል ዱ ሞንሶ እና ቲዬ የተባሉ ፈረንሳውያን አንጉሙዋ በተባለው አውራጃ ያደረሰችውን ጥፋት መርምረው በ1762 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትመውባታል።

አያቴ መጽሐፉን ባያውቁም መላውን ያውቁት ነበር፤ ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጣሉ። ጤፍ ትል ለማሳደግ አይበቃም፤ በማሽላው መካከል ያለውን ክፍተት ግን ይሞላል። የእሳት ራቷ አቅመ ደካማ ስለሆነች ጠቅጠቅ ባለ እህል ውስጥ ጠልቃ መግባት አትችልም፤ ጉዳቷ ከላይኛው ክፍል ብዙም አያልፍም።

ዛሬ በብዙ አገሮች ሆን ተብላ ትረባለች፤ የሰብል ተባዮችን እንቁላል የሚያጠፉ ደቃቅ ተርቦች የሚራቡት በእሷ እንቁላል ላይ ነውና።

እህል የምታስቀምጡ ሁሉ፣ በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ከረጢት እሰሩት። ከማሰራችሁ በፊት ግን ልጆቻችሁን ጥሩና መስኮት ያላትን አንዲት ፍሬ አሳዩአቸው።