ካምቢዮው የተነገረውን ያምናል

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በአንድ የሐበሻ ጋራዥ ረዳት በነበርኩበት ጊዜ ብዙ አሮጌ መኪና አይቻለሁ። ከሁሉ የማልረሳው የ1980ዎቹ ሥሪት የሆነ ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ፒካፕ ነው። ባለቤቱ የሰው ግቢ ሣር እያጨደ የሚኖር አሜሪካዊ ነበር። ሌላ ጋራዥ «ካምቢዮው ወርዶ ይታደስ፤ ጭሱ ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው» ብሎ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ሒሳብ ጠይቆታል።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ፍሪሲዮን በሚረገጥባቸው መኪኖች ላይ ነው። አውቶማቲኩን አሜሪካ ከገቡ በኋላ ነው የለመዱት። «ይውረድ የሚባለው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ይነዳል» አሉና አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ወጣን። ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ሁለተኛ ማርሽ አይገባም፤ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ማይል አካባቢ ሲደርስ ገጭ አድርጎ ገባ። ከኋላችን ነጭ ጭስ ይከተለናል። ስንመለስ ሪቨርስ አስገቡ፤ መኪናው ጥቂት አመንትቶ ነው የተንቀሳቀሰው።

ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርገው የካምቢዮውን ዘይት ለኩ። የዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩም እየሠራ ነው። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ነበር። በነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጥበው አሸተቱት፤ ቀይ ነው፣ የማረር ሽታም የለውም። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ተቃጥለው ቢሆን ኖሮ ጠቁሮ ይከረፋ ነበር። ሥሩ ገብቼ አየሁ፤ የፈሰሰ ነገር የለም። የራዲያተሩም ውኃ ሙሉ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ቢሆን ኖሮ ይጎድል ነበር።

«እንግዲህ ንገረኝ» አሉ ጋሼ፣ «መሬት ያልፈሰሰ ዘይት የት ይገባል?»

መልስ አልነበረኝም። መኪናውን አንስተው ካምቢዮው ላይ የተሰካችውን ቀጭን ቱቦ ነቀሏት። ቀይ ዘይት ጣታቸው ላይ ጠብ አለ። «ይኸው፤ ሞተሩ እየጠጣው ነው» አሉ።

እንዲህ ያለው ካምቢዮ ኮምፒውተር የለውም። ሞተሩ ምን ያህል ጭነት እንዳለበት የሚያውቀው በዚያች ቱቦ ከሞተሩ በሚደርሰው ቫኪዩም፣ ማለትም የመሳብ ኃይል ነው። ነዳጅ በስሱ ሲረገጥ ቫኪዩሙ ይበረታል፤ ካምቢዮውም ቶሎና በለስላሳው ይቀይራል። እስከ ታች ሲረገጥ ቫኪዩሙ ይዳከማል፤ ካምቢዮውም ከባድ ጭነት መጣ ብሎ የዘይቱን ግፊት ይጨምራል፣ መቀየሩንም ያዘገያል። በቱቦዋ ጫፍ ያለው ዕቃ ሞጁሌተር ይባላል፤ ውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን አለ። የእኛው ሽፋን ተቀዷል። ስለዚህ ካምቢዮው ሾፌሩ ሁልጊዜ ነዳጁን እስከ ታች የረገጠ ይመስለዋል፤ ይዘገያል፣ ሲቀይርም ይመታል። ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ሞተሩ ተስቦ ይቃጠላል፤ ነጩ ጭስ እሱ ነው። ዘይቱ ሲጎድል ደግሞ ሪቨርሱ ያመነታል። ሁለት ትልልቅ ጥገና የተጠየቀበት ብልሽት መነሻው አንድ ነበር።

ሞጁሌተሩ በአንድ ቡሎን የታሰረ ነው። ጋሼ አዲሱን ከማሰራቸው በፊት ቱቦዋም ተሰንጥቃ ስለነበር ቀይረዋት ጫፏ ላይ የቫኪዩም መለኪያ ሰኩ። ጤነኛ ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በሚኒሞ፣ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት፤ 18 አሳየ። «አዲስ አበባ ቢሆን በከፍታው ምክንያት ሰባት ኢንች ያህል ይቀንስ ነበር» አሉኝ። ዘይቱን እየለካን በጥቂት በጥቂቱ ሞላን፤ ከበዛም አረፋ ይሠራል። ጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጭሱ ወዲያው አልጠፋም። ማርሹ ግን 15 ማይል ሳይደርስ ለስለስ ብሎ ይገባ ጀመር።

ያን ሰሞን አንድ ሌላ አሮጌ ፒካፕ ተመሳሳይ ስሞታ ይዞ መጣ። ቱቦውን የነቀልኩት እኔ ነበርኩ፤ ደረቅ ነው፣ ቫኪዩሙም ሙሉ። ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ ሲከፈት ግን የብረት ስብርባሪ ተገኘበት። ለባለቤቱ ደረቁን ቱቦም ስብርባሪውንም አሳየነው። ጋሼ «ይኼኛው መውረድ አለበት» ሲሉት አልተከራከረም፤ ዋጋውን ብቻ ጠየቀ።