ጥይት ይቀልብ የነበረው ሰውዬ ሰፈር

ከለንደን የተመለሰ ሰው የሚያወራውን ታውቁታላችሁ፡፡ ቢግ ቤን፣ ድልድዩ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ብርዱ… ፎቶውም ያው ነው፡፡ እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሁለት መጋረጃዎች ነው፡፡ ሁለቱም ተመልካች ፊት ቆሞ ሥራውን ይሠራ በነበረ ምትሃተኛ ላይ የተዘጉ ናቸው፡፡ ቦታዎቹን አንድ ባቡር ያገናኛቸዋል፡፡ ካርታው ላይ በደማቅ ሰማያዊ የተሠመረውን የፒካዲሊን መስመር ይዛችሁ ከዉድ ግሪን ትሳፈሩና 12ኛው ፌርማታ ላይ ትወርዳላችሁ፡፡ ባቡር መቀየር የለ፣ ሰው መጠየቅ የለ፡፡

ዉድ ግሪን ሰሜን ለንደን ነው፡፡ የአክስቴ ልጅ እዚያ ስለሚኖር ያረፍኩት እሱ ዘንድ ነበር፡፡ ሰፈሩ የቱሪስት ሰፈር አይደለም፡፡ ርካሽ ጫማ፣ የስልክ መለዋወጫ፣ ዳቦ ቤት፣ ፌስታል አንጠልጥሎ የሚጋፋ ሰው… መገናኛን በብርድ አስቡት፡፡ ታዲያ ሃይ ሮድ በሚሉት ዋና መንገድ ስትሄዱ ከሱቆቹ በላይ ቀና ብትሉ ከአካባቢው ጋር የማይሄድ ያጌጠ አሮጌ የሕንፃ ፊት ታያላችሁ፡፡ ዉድ ግሪን ኤምፓየር የሚባለው ቲያትር ቤት ቅሪት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1912 ተከፈተ፣ በ1955 በቲያትርነቱ ተዘጋ፣ ለጥቂት ዓመታት የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሆነ፣ ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ፡፡ የቀረው ፊቱ ነው፡፡ ሰዉ በሥሩ እየተሯሯጠ ያልፋል እንጂ ቀና ብሎ የሚያይ የለም፡፡ የአክስቴ ልጅ ራሱ ስንት ዓመት ሙሉ በሥሩ ሲመላለስ ባንክ ነበር የሚመስለው፡፡

እዚህ ቤት ነው እንግዲህ እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1918፣ ቅዳሜ ማታ፣ ቹንግ ሊንግ ሱ የሚባለው ዝነኛ «ቻይናዊ» ጥይት ሊቀልብ የቆመው፡፡

ትርኢቱ እንዲህ ነው፡፡ ከተመልካቹ መሐል ሰዎች ይወጡና ጥይቶቹን አገላብጠው አይተው ምልክት ያደርጉባቸዋል፡፡ ጥይቶቹ ጠመንጃ ውስጥ ይገባሉ፡፡ ረዳቶቹ አነጣጥረው ይተኩሳሉ፡፡ ሰውዬው ሳህን ይዞ ቆሞ ጥይቶቹን ከአየር ላይ የቀለበ ይመስልና ሳህኑ ላይ ቃጭል ያደርጋቸዋል፡፡ ምልክታቸው ሲታይ ያው ናቸው! አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፡፡

ምስጢሩን ዓለም ካወቀው ስለቆየ ብነግራችሁ ነውር የለውም፡፡ ምልክት የተደረገባቸው ጥይቶች ወደ ጠመንጃው አይሄዱም፤ መድረክ ላይ ረዳቱ የነበረችው ሴት ይዛቸው ስታልፍ በሌላ ትለውጣቸዋለች፡፡ መርካቶ ውስጥ ሦስት ካርታ እያገላበጡ ብር ከሚያስይዙ ልጆች ፊት የቆመ ሰው ይቺ አትጠፋውም፡፡ የተለወጡትም ቢሆኑ አይተኮሱም፡፡ ጠመንጃዎቹ በአፈሙዝ የሚጎረሱ የድሮ ዓይነት ናቸው፡፡ ከዋናው ቱቦ ሥር ባሩድ የሚጠቀጠቅበት ዘንግ ማስቀመጫ ሌላ ቀጭን ቱቦ አላቸው፡፡ ሰውዬው ወደ ዋናው ቱቦ የሚሄደውን የእሳት መንገድ ደፍኖ ወደ ቀጭኑ አዙሮታል፡፡ የሚፈነዳው እዚያ ያለው ጥይት የሌለው ባሩድ ነው፡፡ ድምፅ አለ፣ ጭስ አለ፣ ጥይቷ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም፡፡

ጉዱ ያለው ከትርኢቱ በኋላ ነው፡፡ ዋናው ቱቦ ውስጥ የቀረውን ጥይትና ባሩድ ማውጣት ያስፈልጋል፡፡ ሰውዬው ደግሞ ተኩሶ ከመጨረስ ይልቅ የኋላውን መድፈኛ ብሎን እየፈታ ነበር የሚያወጣው፡፡ መፍታት፣ መግጠም፣ መፍታት፣ መግጠም… ለዓመታት! የብሎኑ ጥርስ ተበላ፡፡ ደቃቅ የባሩድ ብናኝ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ገባ፡፡ ያን ዕለት ማታ እሳቱ ብናኙን ተከትሎ ሄደና አንደኛው ጠመንጃ የምሩን ተኮሰ፡፡ ጥይቷ ደረቱን መታችው፡፡

ሰውዬው በእንግሊዝኛ ተናገረ፡፡ የሆነ ነገር ተፈጥሯል፣ መጋረጃውን አውርዱ ነው ያለው፡፡

ይሄ ለምን ያስደንቃል አትሉም? ቹንግ ሊንግ ሱ ቻይናዊ አልነበረማ! ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1861 ኒውዮርክ ግዛት የተወለደ አሜሪካዊ ነው፡፡ ቺንግ ሊንግ ፉ የተባለ እውነተኛ ቻይናዊ ምትሃተኛ አሜሪካ ውስጥ ስሙ ሲናኝ አየና ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከኋላ ረጅም ጉንጉን አንጠልጥሎ፣ በ1900 አውሮፓ ላይ «ቻይናዊ» ሆኖ ብቅ አለ፡፡ (ስም በአንድ ሁለት ፊደል ለውጦ የሰው እንጀራ መብላትን ምን እንደምትሉት አላውቅም፤ እኔ ሌብነት ነው የምለው፡፡) መድረክ ላይ አፉን ይዞ ነው የሚሠራው፡፡ ጋዜጠኛ ሊያነጋግረው ሲመጣ በአስተርጓሚ! እና 18 ዓመት ሙሉ የታፈነው እንግሊዝኛ የወጣው ጥይት ከገባ በኋላ ነው፡፡

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ዉድ ግሪን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ፡፡ አሟሟቱን የመረመረው ችሎት ጠመንጃውን በባለሙያ አስፈትሾ ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ዘጋው፡፡ የአክስቴ ልጅ ግን ይሄን ስነግረው አልተዋጠለትም፡፡ «ኧረ ተው! ሰው አስገድሎት ነው» አለኝ፡፡ እሱ ብቻ አይደለም፤ ራሱን ነው የገደለው፣ ጠላት ነው የገደለው የሚለው አሉባልታ ከመቶ ዓመት በኋላም አልሞተም፡፡ ለምትሃተኛ የተበላ ብሎን ያንስበታል መሰለኝ፡፡ እኔ ብሎኑ ይበቃኛል፡፡

ባቡሩ ላይ እንውጣ፡፡ አራተኛው ፌርማታ አርሰናል ነው፤ ደጋፊዎቹ እዚያው ወርዳችሁ ብትቀሩ አልፈርድባችሁም፡፡ ለቀራችሁት ግን ፒካዲሊ ሰርከስ ወርዳችሁ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው፤ ሄይማርኬት በሚባለው ጎዳና ላይ ሂዝ ማጄስቲስ ቲያትርን ታገኙታላችሁ፡፡ ስሙ የተለወጠው ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት በ2023 ሲሆን ታሪኩ በተፈጠረበት ዘመን የንግሥቲቱ፣ ማለት ሐር ማጄስቲስ ነበር፡፡

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1984 ከዚህ ቤት በቀጥታ የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቶሚ ኩፐር ወጣ፡፡ ግንድ የሚያህል ሰውዬ ነው፤ ቀይ ጣርቡሽ ይደፋል፡፡ ሥራው ምትሃት ማበላሸት ነው፡፡ ያሰበው ይጠፋበታል፣ የደበቀው ይወድቅበታል፣ ሰው በሳቅ ይሞታል፡፡ ሞኝ እንዳይመስላችሁ፤ ምትሃቱን አሳምሮ የሚችል ነው፡፡ አበላሽቶ ለማሳቅ መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋላ!

ያን ማታ ረዳቱ ትልቅ ካባ አለበሰችው፡፡ ከካባው ሥር ይወጣሉ ተብለው የማይታሰቡ ትልልቅ ዕቃዎች ሊያወጣ ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመ ሰው በእግሮቹ መሐል ሊያቀብለው፡፡ አልደረሰም፡፡ ጉልበቱ ከዳውና መጋረጃውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራቶ ተቀመጠ፡፡ ሰዉ ሳቀ፡፡ ወደ ኋላ ጋለል አለ፡፡ አሁንም ሳቀ፡፡ ልቡ ነበር የቆመው፡፡ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ አስገባ፤ እሱን ከመጋረጃው ጀርባ ጎትተው አስገቡት፡፡ ማስታወቂያው ሲያልቅ ሌሎቹ ባለ ተራዎች ከመጋረጃው ፊት ሥራቸውን ቀጠሉ፡፡ 63 ዓመቱ ነበር፡፡

እነዚያን ሳቂዎች የሚወቅሱ አሉ፡፡ እኔ አልወቅስም፡፡ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ «ስወድቅ ሳቁ» ብሎ አስተምሯቸዋል፡፡ ሮቢንሰን ቢያንስ የሚሰብረው ዝምታ ነበረው፤ «ቻይናዊው» እንግሊዝኛ ሲናገር ጨዋታው እንዳበቃ ማንም ይገባዋል፡፡ ኩፐር ምን ብሎ ይናገር? «አልቻልኩም» ቢል እሱ ራሱ ቀልዱ ነው፡፡ ለነገሩ ከእኛ መሐል እንዲህ ዓይነት ጓደኛ የሌለው ማን አለ? ሁሌ የሚያሾፍ፣ «ሞቻለሁ ድረሱልኝ» እያለ የሚደውል፣ ሁላችንም ስልኩን አይተን ሳቅ ብለን ወደ ጨዋታችን የምንመለስ… እኔ አንድ አለኝ፡፡ ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ሲደውል አነሳለሁ፡፡

በዚሁ ቤት ከ1986 ጀምሮ የሚታየው «ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» የሚባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ነው፡፡ የአክስቴ ልጅ ጋበዘኝና ርካሹን፣ ላይኛውን ፎቅ ይዘን ገባን፡፡ የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ግዙፍ ባለ ብዙ መብራት ቻንደሊየር ይናወጥና ከሰው አናት በላይ ወደ መድረኩ ይወርዳል፡፡ እያንዳንዱ ትርኢት ላይ ሆን ተብሎ! ከፊታችን የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ጮኻ ዓይኗን ከደነች፡፡ እናቷ ትስቃለች፡፡ አዳራሹ ያጨበጭባል፡፡ የአክስቴ ልጅ አላጨበጨበም፤ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «የዚህንስ ብሎን ማን ነው የሚያየው?» አለኝ፡፡