«ማስተዋል ማን ናት?»

ይህን የምጽፍላችሁ ጡረታ የወጣሁ የጦር መኮንን ነኝ። ማዕረጌ ሻለቃ ነበር። ስሜን አልጠቅስም፣ የባለቤቴንም እንዲሁ። የሰፈራችን ሰው ግን ገመናችንን ከእኛ ቀድሞ ስላወራው፣ እውነቱን ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ሊነጋ ሲል ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆሜ በሹክሹክታ ስልክ አወራለሁ። ዘወር ስል ባለቤቴ ነጠላዋን እንደተከናነበች በሩ ላይ ቆማለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«ማስተዋል ማን ናት?» አለችኝ።

«የምን ማስተዋል?»

«ማስ፣ ማስ እያልክ የምታቆላምጣት ናታ! ስድስት ወር ሙሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ለመሆኑ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?»

ሳቄ መጣ። ያን ዕለት የሠራሁት ትልቁ ጥፋት መሳቄ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። በ2008 ዓ.ም. ለሰላም ማስከበር ግዳጅ ወደ ሱዳን፣ ዳርፉር ተላክሁ። የተባበሩት መንግሥታትና የአፍሪካ ኅብረት በጋራ ያቋቋሙት ተልዕኮ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ተጀምሮ በ2020 መጨረሻ አብቅቷል። እኔ የተመደብኩት ኤል ፋሸር፣ ዋናው መምሪያ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው መኮንን ደግሞ ኢንዶኔዥያዊ ሆነ። አጠር ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ኢንዶኔዥያም እንደኛው ጦር ልካ ነበር።

ስለ አገሩ የማውቀው ነገር ቢኖር ሩቅ መሆኑን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ምሳ አልፎን፣ ከመሳቢያው ሁለት እሽግ ኢንዶሚ አውጥቶ ውሃ አፈላ። «ይሄ እኮ የኛ አገር ልጆች ምግብ ነው!» ብለው ሳቀ። «ኢንዶ ማለት ኢንዶኔዥያ፣ ሚ ማለት ደግሞ ፓስታ መሰል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የኛ ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ሰው ነው ስሙን በየቀኑ እየጠራ የማን እንደሆነ የማያውቀው!

እኔም በተራዬ ጀበናዬን አወጣሁ። እነሱ ቡናውን ደቁሰው ከነአተላው ብርጭቆ ውስጥ ፈልቶ የወረደ ውሃ ይደፉበታል፣ ስኳሩን ይከምሩበታል፣ አተላው ሲዘቅጥ ይጠጣሉ። ጃቫ ደሴት ላይ ቡና የተተከለው ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አምጥተውት ነው። «ስለዚህ ያንተ ቡና የኔ ቡና የልጅ ልጅ ነው» ብለው፣ «እንግዲያው ቤተ ዘመድ ነን» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ቡና በኔ፣ ትምህርት በሱ ሆነ።

የሳምንቱን ቀኖች ሲያስተምረኝ አላመንኩም። ሰኞ ሰኒን፣ ማክሰኞ ሰላሳ፣ ረቡዕ ራቡ፣ ሐሙስ ካሚስ! ሰላሳ ሲለኝ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ልጅ ሆኜ ከየኔታ የሰማሁት ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ትዝ አለኝ። እነሱ ከዓረብኛ ወሰዱት፤ ዓረብኛና ግዕዝ ደግሞ እህትማማች ናቸው። ጊዜን ወክቱ ይሉታል፣ ከኛው ወቅት ጋር አንድ ነው።

ሌላው የገረመኝ አጠራራቸው ነው። ሰውን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነው። አባት ለሚሆን ሰው ባፓ፣ እናት ለምትሆን ኢቡ ይላሉ። ጃቫዎች ታላቅ ወንድም ለሚሆን ሰው «ማስ» ይላሉ፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው ማለት ነው። ጓደኛዬ በሁለት ዓመት ይበልጠኝ ስለነበር ማስ አልኩት። በቃ፣ ማስተዋል ማለት እሱ ነው!

እንግዲህ አንድ ወታደር አገርን የሚመዝንበት ሚዛን አለው። ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች፣ ከ700 በላይ ቋንቋዎች ያሉት ሕዝብ እንዴት በአንድ ቋንቋ ይግባባል? ብዬ ጠየቅሁት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1928 ወጣቶቻቸው ተሰብስበው፣ ነፃነታቸውን ካወጁበት ከ1945 በ17 ዓመት ቀድመው፣ አንድ ቋንቋ ሊኖረን ይገባል ብለው ማሉ። የመረጡት ግን የብዙኃኑን ጃቫኛ አልነበረም። ነጋዴው ከወደብ ወደብ ሲግባባበት የኖረውን ማላይኛ ነው የያዙት። «ትልቁ ወንድም ዝቅ አለ፣ ቤቱ ቆመ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ረዥም ሰዓት ዝም አልኩ።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የነካችው አንዲት ቃል ናት።

ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ልጅ አልሰጠንም። አንድ ማታ ማስ «ሱዳህ ፑንያ አናክ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ ወልደሃል ወይ? ማለቱ ነው። «ቲዳ» አልኩት፤ አይ፣ የለኝም። ፊቱ ተለወጠ። «እንደሱ አይባልም! 'በሉም' ነው የሚባለው» አለኝ።

በሉም! በኛ ቋንቋ ምግብ በልተው የተነሡ ሰዎች ወሬ ይመስላል። በነሱ ግን «ገና» ማለት ነው። ያላገባ ሰው ቢጠየቅ፣ ያልወለደ ቢጠየቅ፣ አላገባሁም፣ አልወለድኩም ብሎ በሩን አይዘጋም፤ ገና ነው ይላል። ስንት ዓመት የሰው ጥያቄ እንደ ሚስማር ሲወጋኝ ለኖርኩት ሰውዬ፣ ያቺ ቃል መድኃኒት ሆነችኝ። ያን ማታ ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ለማስ ዘረገፍኩለት። «እኔና ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ ሄደናል» ብለው ደንግጦ ተነሣ። ለካ በነሱ ቋንቋ ሐኪም ማለት ዳኛ ነው! ልትፋቱ ነው እንዴ ብሎ ነው። በሳቅ ፈነዳን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለታችንም ዓይናችንን ጠራረግን።

በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ረመዳን ተፈታ። እሱና የአገሩ ልጆች ከትንሽ እስከ ትልቅ እየተጨባበጡ «ማአፍ ላሂር ዳን ባቲን» ይባባላሉ። በውጭም በውስጥም የበደልኩህን ይቅር በለኝ ማለት ነው። እኔንም ጨበጠኝ። ሲለየኝ ደግሞ ለባለቤቴ ብሎ አንድ ጨርቅ ሰጠኝ። ባቲክ ይባላል። ቀልጦ በሚፈስ ሰም ጨርቁ ላይ ይሥሉና ቀለም ይነክሩታል፤ ሰም የነካውን ቀለም አይነካውም። በዓለም ቅርስነት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2009 የሰፈረ ጥበብ ነው።

አገሬ ገባሁ። ጨርቁን ሰጠኋት፣ ወደደችው። «ማን ሰጠህ?» ስትለኝ «ጓደኛዬ» አልኩ። ከዚያ በላይ አላወራሁም። ወታደር ነኛ! ወሬ ማሳጠር ልማዴ ነው።

ማስም አገሩ ገባ። ቋንቋው እንዳይጠፋብኝ በየሳምንቱ እደውልለታለሁ። ጃካርታ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ዘንድ ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን እነሱ ረፋድ ላይ ናቸው። ባለቤቴን ላለመቀስቀስ ብዬ ጓሮ እወጣለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አንዳንዴ ስልኩን ሚስቱ ታነሣዋለች፣ የሴት ሳቅ ይሰማል። እንግዲህ በባለቤቴ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ! ሌሊት የሚነሣ ባል፣ የሴት ድምፅ፣ የማይገባ ቋንቋ፣ ማስ ማስ... ከላይ ደግሞ የሐር የመሰለ ስጦታ። ጎረቤት ሲጨምርበት «እዚያው ወልዶ ይሆናል» ተባለ። ይህቺ ናት የገደለቻት።

ያን ንጋት ስስቅባት ጊዜ ቃል ሳትመልስ ታላቅ ወንድሟ ቤት ሄደች።

እሑድ ሽማግሌ መጣ። ቋንቋውን ላስረዳ ብዬ ጭራሽ አባባስኩት። «በዚህ ቋንቋ እሱም እሷም አንድ ቃል ነው፣ 'ዲያ' ይባላል» ስል ወንድሟ «አየህ፣ ተመቸህ!» አለኝ። መጨረሻ ላይ ሞባይሌን አውጥቼ በምስል ደወልኩ። ማስ ከነሪዙ ብቅ አለ። ሚስቱም ጎኑ ናት። ያስተማርኩትን አማርኛ አስታውሶ «እንደምን ዋላችሁ!» አላቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁን መቆጣጠር አቃታቸው። «ማስተዋል ጺም አበቀለች!» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። እንግዶቹ ሲሄዱ ብቻችንን ቀረን።

«ሴት አለመሆኑ ደስ ብሎኛል» አለች። «ግን ከዚህ ሰውዬ ጋር ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የምታወሩት?»

«ብዙ ነገር... ስለ ልጅ ጭምር።»

ዝም ብላ አየችኝ። «ከኔ ጋር 11 ዓመት ተኛህ። ሐኪም ቤት ደርሰን ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገርክም። ሰው 'ልጅስ?' ሲለኝ አንተ ወጥተህ ትሄዳለህ። ባሕር ማዶ ላለ ሰው የነገርከውን ለኔ መንገር ለምን አቃተህ?»

አንባቢያን፣ ጥይት አልፎብኛል፤ እንደዚያች ጥያቄ ግን የመታኝ የለም። ትክክል ነበረች። በሰው ቋንቋ መናገር ቀላል ነው፤ ቃሉ ገና አዲስ ስለሆነ አያቆስልም። በአማርኛ «ልጅ» ስል እናቴ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት ሁሉ አብረው ይመጡብኛል። በኢንዶኔዥያኛ «አናክ» ስል ግን እኔ ብቻ ነኝ። እንደዚህ ብዬ ነገርኳት። ስለ በሉምም ነገርኳት። ከዚያም እጇን ይዤ፣ በውጭም በውስጥም የበደልኩሽን ይቅር በይኝ አልኳት። ያለቀስነው አብረን ነው፤ በ11 ዓመት የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

ምክር ለመስጠት የተገባሁ ሰው አይደለሁም። ግን በግዳጅም በእንጀራም ሩቅ አገር የምትኖሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ከሄዳችሁበት አገር ልባችሁ የወደደውን ነገር ሻንጣ ውስጥ ቆልፋችሁ አትግቡ። ለትዳር ጓደኛችሁ አውሩት፣ አስቀምሱት፣ አስተምሩት። ያልተነገረ ደስታም እንደ ምሥጢር ይቆጠራል። ቤት የቀራችሁም፣ ስድስት ወር ከመጠርጠር አንድ ቀን መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ስልኩን ሳሎን ቁጭ ብለን ነው የምንደውለው። የማስ ሚስት «አሪሳን» የሚባል የሴቶች እጣ እንዳላት ስትነግራት፣ ባለቤቴ «ይሄማ እቁብ ነው!» ብላ ጮኸች። በኔ ትርጉም ስለ እቁብ አንድ ሰዓት አወሩ፤ ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።

ባለፈው አንዲት ጎረቤት እንደልማዷ «ልጅስ?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ።

«በሉም» አለቻት ፈገግ ብላ።

«እነማን በሉ?» አለች ሴትዮዋ።

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።