የዱርቤቴ ቁርስና የሚረጋው ዘይት

ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚጽፍ ሰው ከባንክ መግለጫ ቢጀምር ወግ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምነሣው ከእናቴ ማድቤት ነው።

በጥቅምት ወር ዱርቤቴ ሄጄ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ እንደ ልብ የሚመላለሱበት ስላልሆነ፣ እናቴን ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ቁርስ ሠርቼ ልጠብቃት አሰብሁ። የጽጌን ጾም ስለምትጾም ቅቤም እንቁላልም አይታሰብም፤ የጾም ፍርፍር ነው። ቃሪያውን ከጓሮ ቀጠፍሁ፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከገበያ በትኩሱ የመጣ ነው፤ በርበሬው የእጇ ሥራ፤ እንጀራው ጤፍና ዳጉሳ ተደባልቆ የተጋገረ። ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፌ ድስቱን ጣድሁና ከባሕር ዳር ያመጣሁትን ዘይት ሳነሣ፣ በሌሊቱ ብርድ ረግቶ አገኘሁት።

እናቴ ለካስ ደርሳ ከበሩ ቆማለች። «ልጄ፣ ይህ በብርድ የሚረጋ ዘይት ሆድ ሲገባ ምን ይሆናል?» አለችና ከመደቡ ሥር አንድ ጠርሙስ አወጣች፤ የኑግ ዘይት። ልጅ ሳለሁ ኑጉን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በፈላ ውኃ እያሸች ዘይቱን ስትለይ የነበረው ሽታ ቤቱን ሞላው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ እኔ በኀፍረት ዝም አልሁ። ከውጭ የሚገባውን በአገር ምርት ስለ መተካት በየዓመቱ የማስተምረው እኔ፣ በኑግ አገር የፓልም ዘይት ይዤ መጥቻለሁ!

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት። በዚያው ሰሞን ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ማሳው በኑግ አበባ ቢጫ ለብሷል። ኑግ መገኛው ኢትዮጵያ ነው፤ ሳይንሳዊ መጠሪያው ራሱ «አቢሲኒካ» ይላል። እኛ ግን የምንጠበስበትን ዘይት አብዛኛውን ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ በዶላር እንገዛለን። ያ ዶላር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኑጋችንስ? ከፊሉ ወደ አሜሪካ ይላካል፤ የአረም ዘር እንዳይዛመት በሙቀት ይታከምና ለወፎች ይበተናል። የባዕድ ወፍ በኑጋችን ቁርሱን ሲበላ፣ የጎጃም እናት የዘይት ወረፋ ትጠብቃለች። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ አይደለምን?

ገበሬውን አልወቅስም። የኑግ ምርት በሄክታር ዝቅተኛ ነው፤ በቆሎ ግን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ቀርቦለት ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ስለዚህ ለኑግ የሚተርፈው የደከመ መሬት ነው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ሁላችን አጨብጭበናል፤ ነገር ግን ፋብሪካ ዘር አያበቅልም። ኑግ ምርጥ ዘር ይሻል፤ አበባው ያለ ንብ አያፈራምና ቀፎ ይሻል፤ ከሁሉ በላይ ገበሬው ሳይዘራ የሚያውቀው ዋጋ ይሻል። ይህ ለሪባን መቁረጫ የማይመች ሥራ ስለሆነ ይሆን የተዘነጋው?

ፍርፍሩ ደረሰ። እናቴ ቀምሳ፣ «ጨው አሳንሰሃል፤ ዘይቱ ግን አዳነህ» አለችኝ።