የጓሮን አትክልት ከፌንጣ ስለ መጠበቅ

የቤትን ብልጽግና ለመመርመር የሚወድ ሰው፤ አስቀድሞ የእንግዳ መቀበያውን ሳይሆን ጓሮውን ቢመለከት መልካም ነው። ጓሮ ለወጥ ጎመኑን፤ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳሙን፤ ለልጆችም የመጀመሪያውን የሥራ ትምህርት የሚሰጥ የቤት ሀብት ነውና። ስለዚህ ጓሮን የሚያጠፋ ተባይ በመጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ የቤተ ሰብ ጠላት ሆኖ ይቈጠራል። ዛሬ ፌንጣን ያለ መርዝ ስለ መከላከል፤ በዲላ ከተማ ስንኖር ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎች ለመግለጽ አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ ፌንጣንና አንበጣን መለየት ይገባል። ሁለቱ የአንድ ወገን ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። የበረሃ አንበጣ ዝናብ በበረሃ ሲበረታ ይራባል፤ በዝቶ ሲጠጋጋም መልኩንና ጠባዩን ለውጦ በመንጋ ይነሣል፤ ድንበርም አያግደውም። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው መንጋ በአገራችን ከ25 ዓመታት ወዲህ እንደርሱ ያለ ያልታየ ነበር። እንዲህ ያለውን በአውሮፕላንና በብዙ ሠራተኛ መከላከል የመንግሥታት ሥራ ነው። ፌንጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለፈለበት ሥፍራ ብዙ የማይርቅ የጓሮ ሌባ ነው። ሌባው የጓሮ ከሆነ ዘንድ፤ ዘበኛውም የቤቱ ባለቤት መሆን አለበት።

በዲላ የምንኖርበት ቤት አጠገብ ሣር የበቀለበት ክፍት መሬት ነበር። የበልግ ዝናብ ጥሎ ባባራ ጊዜ ፌንጣው ከዚያ እየዘለለ ወደ ጎመናችንና ወደ ሰላጣችን ገባ፤ ችግኙንም እስከ ግንዱ ድረስ ይበላው ጀመር። አንድ ወዳጃችን ችግራችንን አይቶ፤ ከገበያ የተገዛ መድኃኒት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድቶ አመጣልን። በጠርሙሱ ላይ የመድኃኒቱ ስምም መጠኑም አልተጻፈበትም። ባለቤቴ ጠርሙሱን ተቀብላ ካገላበጠች በኋላ፤ «ይህ የተረጨበትን ጎመን ከስንት ቀን በኋላ ለልጆች እንደማበላ የሚነግረኝ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ከዚህም በላይ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የንብ ቀፎዎች አሉ፤ ዶሮዎቻችንም የሞተውን ነፍሳት ሁሉ ይለቅማሉ። ስለዚህ ጠርሙሱ ሳይከፈት ለአምጪው በምስጋና ተመለሰለት።

የንቡ ባለቤት የሆኑት እናት የጌዴኦ ተወላጅ ናቸው። ነገሩን በሰሙ ጊዜ ለባለቤቴ፤ «ልጄ፤ ፌንጣ የሚወደው ፀሐይ ያገኘውን ራቁት መሬት ነው፤ መሬቱን ራቁቱን አትተዪው» አሏት። ምክራቸው በመጽሐፍ ከሚገኘው ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው። ብዙዎቹ የፌንጣ ዓይነቶች ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ሆዳቸውን ወደ አፈር አስገብተው ነውና። ዕንቁላሉ አረፋ በሚመስል ነገር ተሸፍኖ ከጥቂት ጣት ጥልቀት ውስጥ ይቈያል፤ እርጥበትና ሙቀት ሲስማማውም ይፈለፈላል። ጫጩቱ በመጀመሪያ ክንፍ የለውም፤ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያህል ቆዳውን እየገፈፈ ካደገ በኋላ ግን በርሮ የሚያመልጥ ይሆናል። እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው በዚህ ላይ ይፈጸማል፤ የመከላከያው ጊዜ ክንፍ ሳያወጣ ነው።

ሥራውም እንደሚከተለው ነው። በበጋ፤ ዝናብ ሳይጥል፤ የመደቡን ዳርና ክፍቱን ሥፍራ በዶማ ገልብጦ ዕንቁላሉን ለፀሐይና ለወፍ ማጋለጥ ይገባል። በዚያን ጊዜ አትክልት ስለሌለ ዶሮዎችን በመደቡ ላይ መልቀቅ ይቻላል፤ እየጫሩ ይለቅሙታል። ችግኝ ከተተከለ በኋላ ግን ዶሮ ፌንጣውንም ችግኙንም ስለማትለይ፤ ከአጥሩ ውጭ በዳር በዳሩ ብቻ ትሰማራ። ፌንጣ ሰውነቱ የሚሞቀው በፀሐይ ነውና፤ በማለዳ ብርዱ ሳይለቀው ፈጥኖ አይዘልም። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በፊት በጣሳ እየለቀሙ ለዶሮዎቹ ይሰጡ ነበር፤ የሥራውም ደስታ ከእንቅልፍ አስነሥቷቸዋል። ለጋው ችግኝ እስኪጠነክር ድረስ በአሮጌ ንጹሕ አጎበር ይሸፈናል። ጤዛ ባለበት ቅጠል ላይ ደቃቅ አመድ መነስነስም ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ዝናብ ሲያጥበው ግን መድገም ያስፈልጋል። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ፌንጣው በሣሩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሣሩን በሙሉ በአንድ ቀን ማጨድ፤ ፌንጣውን ነድቶ ወደ ጎመን ማስገባት ነው። ከአትክልቱ ራቅ ያለውን ሣር ለርሱ ትቶ ማጨድ ይሻላል።

በጌዴኦ ቡና ጥላ ሥር ብርብራ የሚባለው የአገራችን ዛፍ ይገኛል። ፍሬው ሲወቀጥ ነፍሳትን የሚገድል ኃይል አለው፤ በእህል ነቀዝ ላይም በሊቃውንት ተፈትኗል። ነገር ግን ይኸው ፍሬ ከጥንት ጀምሮ ዓሣን አደንዝዞ ለማጥመድ ያገለገለ ነው። እንግዲህ የተፈጥሮ የተባለ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። በብርብራ የሚጠቀም ሰው ከወንዝና ከሕፃናት ያርቀው፤ ለሚበላ ቅጠልም አያዘውትረው። ፌንጣንና አንበጣን ብቻ የሚያጠቃ ሜታሪዚየም የተባለ የሻጋታ ዓይነትም አለ፤ በ2012 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሶማልያ የአንበጣ ጫጩትን ለመግደል ተረጭቶ አገልግሏል። ወፍን፤ ንብንና ሰውን የማይጐዳ መሆኑ የሚያስመሰግነው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን የጓሮው ሥርዓት ነው። በዲላ ዙሪያ፤ በወናጎና በይርጋ ጨፌ መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ፤ እንሰቱ ከመካከል፤ ቡናው ከሥሩ፤ ጎመኑና ቦየው ከታች ሆነው አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። መሬቱ በወደቀ ቅጠል ስለሚሸፈን ፌንጣ ዕንቁላሉን የሚጥልበት ደረቅ ራቁት ሥፍራ ያጣል። ወፉ በዛፉ፤ ሸረሪቱ በቅጠሉ፤ እንቁራሪቷ በእርጥቡ ሥፍራ ያለ ደመወዝ ዘበኛ ሆነው ይጠብቃሉ። መርዝ በተረጨ ጊዜ ከሌባው ጋር እነዚህ ዘበኞች አብረው ይሞታሉ፤ ሌባው ግን ከዘበኞቹ ይልቅ ፈጥኖ ይራባል። የጌዴኦ ሕዝብ ለብዙ ዘመን የጠበቀው ይህ የእርሻ ጥበብ ከትክል ድንጋዮቹና ከተከበሩት ደኖቹ ጋር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ዓለም ያከበረውን ጥበብ እኛ በየጓሯችን ብንከተለው የሚያኰራ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

በእኛም ቤት ፌንጣው ፈጽሞ አልጠፋም። ነገር ግን ማለዳ ማለዳ እየተለቀመ፤ ራቁቱም መሬት በቅጠል እየተሸፈነ ከሄደ በኋላ ችግኙ ሥር ይዞ በረታ፤ ንቡም በደኅና ከረመ። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎችና ክቡራት የቤት እመቤቶች፤ በገበታችሁ ላይ የቀረበው የጎመን ቅጠል አንዳንድ ቀዳዳ ቢገኝበት አትከፉ። ፌንጣው ጥቂት ቀምሶ ያለፈው ቅጠል ታጥቦ ያለ ሥጋት ይበላል፤ ስሙ ባልታወቀ መርዝ የተጠበቀው ግን ምንም ቢያምር ለልጅ አይሰጥም።