ድልድዩ እኛው ነን

ካርቱም ላይ ስንነግድ ሁሉም ነገር ስልካችን ውስጥ ነበር፤ እርስ በርሱ ግን አይተዋወቅም። ሱዳን ውስጥ ገንዘብ በባንካክ ይሄዳል። አገር ቤት ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ከመጣ ወዲህ ቤተሰብ በስልኩ ይቀበላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረን ግን ሰው ነው። የባንካኩን ኢሽዓር በዋትስአፕ ለሐዋላው እንልካለን፤ እሱ መተማ ላለው ባልደረባው ይደውላል፤ ባልደረባው ብሩን ለእናታችን ይልካል።

የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህንን አገልግሎቶችን ማቀናጀት ይሉታል። የአንዱ ውጤት ለሌላው መነሻ ይሆናል፦ ምንዛሪው ሳይታወቅ ዋጋ አይቆረጥም፤ ዋጋ ሳይቆረጥ ገንዘብ አይላክም፤ ገንዘብ ሳይገባ ቡናው አይጫንም። ሥራው ያለ ሰው እጅ እንዲሄድ ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ አገልግሎት ምን እንደሚቀበልና ምን እንደሚመልስ ማሽን በሚያነበው መልክ መጻፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ደብልዩ ኤስ ቢፔል የተባለው ቋንቋ የተሠራው ቅደም ተከተሉን ለመጻፍ ነው።

ከባዱ መሃል ላይ ሲቋረጥ ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ተነሣ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በአብዛኛው ሱዳን ኔትወርክ ጠፋ። ባንካክ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ዳቦ መግዣ አጣ። ከዚያ ተቀንሶ እዚህ ያልደረሰ ገንዘብስ የማን ነው?

ቢፔል ለዚህ ቦታ አለው፦ አንድ እርምጃ ከተፈጸመ በኋላ ቀጣዩ ቢሰናከል፣ የተሠራው እንዴት እንደሚካካስ አስቀድሞ ይጻፋል። ሐዋላውም «ካልደረሰ እመልሳለሁ» ይላል። ቤቱን፣ ዘመዶቹን ስለምናውቅ እናምነዋለን። ፕሮግራም ግን ዘመድ የለውም፤ ያልተጻፈለትን አያደርግም።

ስለዚህ ኮምፒውተር የተማሩ ልጆቻችን «ሁለቱን ስልኮች እናገናኛለን» ሲሉን ደስ ይለናል፤ ፍጥነቱን ግን መጨረሻ ላይ እንጠይቃለን። መጀመሪያ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀር ማን ይመልሳል? በስንት ቀን? ጊኒው እየወረደ ነውና፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ? መልሱ በጽሑፍ እስኪገኝ ድረስ፣ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ለሐዋላችንም ገንዘቡን ከማስረከባችን በፊት እንጠይቅ፤ መልሱንም በዋትስአፕ ጽፎ እንዲልክልን እናድርግ።