እንጦጦ ላይ ፀሐይን ስናይ

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና የወንድሜ ልጅ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ የተቀመጠውን ቴሌስኮፕ ከቆጠርነው አራት ነን። ልጅቱ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ናት። ቴሌስኮፑን ያመጣላት ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የቱቦ ቁራጭ ይመስላል።

ለእንጦጦ አዲስ አይደለሁም። ልጆች ሳለን ለማርያም ንግሥ በእግራችን እንወጣው ነበር። አሁን ጉልበቴ ታክሲ ይፈልጋል። መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ በመስኮቱ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። የማገዶ ሸክም ያጎበጣቸው ሴቶች በመንገዱ ዳር ቁልቁል ይወርዳሉ። በጤና ጣቢያ ስሠራ ወገባቸውን ይዘው ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ከዚሁ ተራራ የሚወርዱት ነበሩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጀርባቸው ነው።

የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የእንጦጦ የሕዋ ምርምር ጣቢያም እዚሁ ነው። እነዚያ ከዋክብትን የሚያዩት በሌሊት ነው። የእኛ ሥራ ግን የቀን ነውና ከመንገዱ ገባ ብሎ ዛፍ ያልጋረደው መስክ ስናገኝ ጓዛችንን አወረድን።

ወንድሜ አብሮን ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የካቲት 8 ቀን 1972 ዓ.ም.ም ቅዳሜ ነበር። በኬንያ በኩል በሙሉ ግርዶሽ ያለፈችው ፀሐይ እኛ ዘንድ በከፊል ተሸፍና ታየች። እኔ ያኔ ተማሪ ነርስ ነበርኩ፤ ወንድሜ የ11 ዓመት ልጅ። ከምለማመድበት ክፍል ያገለገለ የራጅ ፊልም ይዤ መጣሁና «በዚህ እይ፣ ዓይንህን አይጎዳውም» ብዬ ሰጠሁት። የሰፈሩ ልጆች በተራ ሲያዩ እሱ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ ደጋግሞ፣ ረጅም ጊዜ አየ። ማታ ላይ «እትዬ፣ የማየው ነገር መሐሉ ጠፋብኝ» አለኝ። ይሻልሃል አልኩት። በማግስቱም ይሻልሃል አልኩት። ወደ ዓይን ሐኪም የወሰድኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፊልሙን ያወጣሁት ሳላስፈቅድ ስለነበር ከየት መጣ እንዳልባል ፈርቼ ነው። ይህን ለእናቴም ለእሱም አልተናገርኩም። የቀኝ ዓይኑ መሐል እስከ ዛሬ እንደጠፋ ነው። በዚያ ዓይን ብቻ ሲያይ የሰው ጆሮና ፀጉር ይታየዋል፤ አፍንጫው ግን አይታየውም።

ልጅቱ ማጣሪያውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ጭረትና ቀዳዳ እንደሌለው አየች። ከዚያ በቴሌስኮፑ የፊት አፍ ላይ ገጠመችው፤ እንዳይወድቅም በፕላስተር አጠበቀችው። ለማነጣጠሪያ የተሠራችውን ትንሿን ቴሌስኮፕ በክዳን ዘጋቻት። «አክስቴ፣ ብርሃኑ ወደ ቱቦው ሳይገባ ነው መቀነስ ያለበት። ማጣሪያው ዓይን በሚያርፍበት በኩል ከሆነ የተሰበሰበው ሙቀት ይሰነጥቀዋል» አለችኝ። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ብልቃጡን ሦስት ጊዜ የምታነብ ነርስ መሰለችኝ።

ቀድሜ አየሁ። መጀመሪያ የታየኝ ብርቱካናማ ክብ ነው፤ መሐሉ ደመቅ፣ ጠርዙ ደብዘዝ ያለ። ዓይኔ ሲለምድ ወደ አንዱ ጠርዝ ጠጋ ብሎ የተበተነ ምስር የመሰለ የጥቁር ነጥቦች ስብስብ አየሁ። ትልልቆቹ ነጥቦች ዙሪያቸው ግራጫ ነው። ከጠርዙ አጠገብ ደግሞ ነጣ ያሉ ቀጫጭን ክሮች ይታያሉ።

ነጥቦቹ ጥቁር የሚመስሉት ከአካባቢያቸው ስለሚቀዘቅዙ እንደሆነ አስረዳችን። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል፤ የነጥቦቹ መሐል ግን ወደ 3,500 ገደማ ዝቅ ይላል። ኃይለኛ የማግኔት ጉልበት ከታች የሚወጣውን ሙቀት ስለሚያግደው ነው። ብቻቸውን ሰማይ ላይ ቢሆኑ እነሱም ያበሩ ነበር።

ከዚያ ወረቀት ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሠርታ ያየችውን በእርሳስ አሰፈረች። የነጥቦቹ ስብስብ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያዘ። «በዚህ ልክ መሬት ምን ያህል ትሆናለች?» አልኳት። ከቦርሳዋ ጥግ ፈልጋ አንድ የጤፍ ፍሬ አስቀመጠችልኝ። ከዚያች ብትበልጥ ትንሽ ነው። የስብስቡ ርዝመት የመሬትን ስፋት 15 ጊዜ ያህል ነበርና።

የዚያን ሳምንት ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ከዚሁ ስብስብ የተነሱ ፍንዳታዎች ከጥቅምት 1996 ዓ.ም. ወዲህ ያልታየ ኃይለኛ የማግኔት ማዕበል አስነስተው፣ ልክ በዋዜማው ሌሊት አውሮፓና አሜሪካ ላይ ሰማዩ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ አድሯል። እኛ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ያንን ብርሃን አላየንም። ምንጩን ግን እንጦጦ ላይ ቆመን አየነው።

ወንድሜ ተራው ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ልጁ «አባዬ፣ በግራህ እይ» አለችው። ጎንበስ ብሎ አየና ቶሎ ቀና አለ። ሁለተኛ ሲያጎነብስ ግን ቆየ። «እንደ እኔ ዓይን ነው እኮ» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ጥላችን ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው አጋደለ። በግንቦት ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ትሆናለችና። ደመና ሲሰበሰብ ወረድን።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ሰማዩ በፈቀደ ቁጥር ከቤቷ ግቢ ሆና በየቀኑ ትስል ነበር። ወረቀቶቹን በተርታ ስታስቀምጣቸው ነጥቦቹ ወደ ምዕራቡ ጠርዝ ሲጓዙ፣ ሲጠቡና ሲጠፉ ይታያሉ። ከመሬት ሲታይ ፀሐይ አንድ ጊዜ በራሷ ዙሪያ ለመዞር 27 ቀን ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል ፊቷ ላይ የምናየው ነገር ለሁለት ሳምንት ያህል ከጀርባዋ ይሰወራል። እስከዚያ ካልከሰመ ይመለሳል።

እንዲህ ያለውን የየዕለት መዝገብ በትዕግሥት ከያዙት አንዱ የእኛው ሙያ ሰው መሆኑን ከእሷ ስሰማ ደነቀኝ። ሃይንሪሽ ሽቫበ የሚባል ጀርመናዊ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1826 እስከ 1843 ዓ.ም. በትንሽ ቴሌስኮፕ ነጥቦቹን ሲቆጥር ኖሮ፣ ቁጥራቸው በየአሥር ዓመት ገደማ እንደሚበዛና እንደሚያንስ ደረሰበት። ዛሬ ልኩ በአማካይ 11 ዓመት መሆኑ ታውቋል። በ2016 ዓ.ም. ነጥቦቹ እንዲያ የበዙት ፀሐይ የዚህ ዙር ጫፍ ላይ ስለነበረች ነው።

ግንቦት 24 ቀን፣ አሁንም ቅዳሜ፣ ደግመን ወጣን። ጠዋቱን ጉም ይዞት ስለነበር ፔርሙዙን ከፍተን ሻይ በዳቦ እየጠጣን ጠበቅን። ልጅቱ ጉሙን ለማየት ራቅ ስትል ወንድሜን «አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። ፊልሙን እንዴት እንዳወጣሁት፣ ሐኪም ዘንድ ለምን እንዳዘገየሁት ነገርኩት። ብዙ ደቂቃ ዝም አለ።

«ቶሎ ብንሄድ ይድን ነበር?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። በፀሐይ ለተቃጠለ ሬቲና እስከ ዛሬም የተረጋገጠ ሕክምና የለም። አንዳንዱ በወራት ውስጥ በራሱ ይሻለዋል፤ አንዳንዱ አይሻለውም። «ቢሆንም ያን ጊዜ አላወቅሁም። የፈራሁት ለራሴ ነው» አልኩት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ለብቻዬ ነበር የፈራሁት» አለኝ። «እሱን አትርሺው። ሌላው ግን ይቅር።»

ጉሙ ሲገፈፍ ልጅቱ ጠራችን። ያ ስብስብ ተመልሷል። አዲስ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ከበፊቱ ቢያንስም በቦታው አለ። የማገዶ ሸክማቸውን አስደግፈው ሁለት ልጆች ተጠጉን። አየት አድርገው ተገረሙ። አንደኛው «በ2012ቱ ግርዶሽ እኛም በራጅ አይተናል» ሲል ወንድሜ ክንዱን ይዞ አስቀመጠውና የራሱን ታሪክ ነገረው። የእኔን ስም አልጠራም።

ለእናንተም ይህንን እላለሁ። የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ ብርጭቆ፣ የፀሐይ መነጽር፣ በሳፋ ውኃ ላይ ማየት ዓይንን አያድኑም። ብርሃኑ ሲደበዝዝ የዳነ ይመስላል፤ የማይታየው ጨረር ግን ያልፋል። ሬቲና ሕመም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራና ያልተቧጠጠ ማጣሪያ ከሌላችሁ፣ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጁና ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ምስሏን ነጭ ወረቀት ላይ እዩ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደመናው ከፈቀደ አገራችን በከፊል የምታየው ግርዶሽ አለ። ልጆቻችሁን ዛሬ ንገሯቸው። ያ ቀን አልፎ ልጅ «መሐሉ ጠፋብኝ» ካለ ደግሞ ይሻልሃል አትበሉት፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ስንወርድ ወንድሜ ቴሌስኮፑን እሱ ያዘው። «በሚቀጥለው ቅዳሜ ፔርሙዙ ያንቺ ነው፣ እትዬ» አለኝ።